ቴክኖሎጂ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት

ቴክኖሎጂ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲባል ራዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ኮምፒዩተር፣ ታብሌት፣ ተንቀሳቃሽ ስልክ፣ ፕሮጀክተርና ኢንተርኔት የመሳሰሉትን መሣሪያዎች የሕፃናትን ትምህርት ለማገዝ በክፍል ውስጥ መጠቀም ማለት ነው። በኢትዮጵያ ይህ ሥራ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ሲሆን ከትምህርት በራዲዮ ተነስቶ እስከ ታብሌትና ቴሌግራም ደርሷል። የአገሪቱም ሆነ የሌሎች አገሮች ልምድ እንደሚያሳየው መሣሪያው ብቻውን አያስተምርም። ጠቃሚ የሚሆነው ግልጽ የትምህርት ዓላማ፣ የሠለጠነ መምህር፣ ሕፃናቱ በሚረዱት ቋንቋ የተዘጋጀ ትምህርትና የሕፃናቱን ደኅንነት የሚጠብቅ ሥርዓት አብረውት ሲኖሩ ነው።

## ወሰን

በኢትዮጵያ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ለረጅም ጊዜ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያለውን ያጠቃልል ነበር። በ2015 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት ግን አንደኛ ደረጃ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል፣ መካከለኛ ደረጃ 7ኛና 8ኛ ክፍል፣ ሁለተኛ ደረጃ ደግሞ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ሆኗል። ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ሆኖ የሚሰጠው ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ነው። ስለዚህ በአንደኛ ደረጃ ቴክኖሎጂ በዋናነት የሚያገለግለው ንባብን፣ ሒሳብን፣ ሳይንስንና እንግሊዝኛን ለማስተማር እንደ ረዳት መሣሪያ ነው።

የጉዳዩ ክብደት የሚታየው ከንባብ ውጤት ነው። በ2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2010) በበርካታ ክልሎች በሕፃናቱ የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች በተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ለክፍላቸው ከተዘጋጀው ታሪክ ውስጥ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። ማንበብ ያልቻለ ሕፃን ከኮምፒዩተር መስኮት ላይ የሚያገኘውም ነገር ጥቂት ነው። በዚህ ምክንያት በታችኛዎቹ ክፍሎች ስለ ቴክኖሎጂ የሚነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ መሣሪያው ንባብን ያግዛል ወይስ የንባብን ጊዜ ይሻማል የሚለው ነው።

## ታሪክ በኢትዮጵያ

### ራዲዮና ቴሌቪዥን

የትምህርት በራዲዮ ሥርጭት በኢትዮጵያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። ራዲዮ ርካሽ ነው፤ በባትሪ ይሠራል፤ መብራት ያልገባበት ቀበሌም ይደርሳል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ ከወሰነ በኋላ፣ ቋንቋውን በሚገባ ያልተለማመዱ መምህራንን ለማገዝ አሳታፊ የራዲዮ ትምህርት በታችኛዎቹ ክፍሎች ተሠርቶበታል።

አሳታፊ የራዲዮ ትምህርት ከተራ ሥርጭት የሚለየው በአሠራሩ ነው። የራዲዮው ድምፅ ጥያቄ ይጠይቅና ዝም ይላል። በዚያ ዝምታ ውስጥ ተማሪዎቹ በአንድነት ይመልሳሉ፣ ይዘምራሉ፣ ይቆማሉ ወይም በእጃቸው ያመለክታሉ። መምህሩም በመመሪያው መሠረት የተሳሳተውን ያርማል። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኒካራጓ ሒሳብን ለማስተማር ከተዘጋጀ በኋላ ወደ ሌሎች አገሮች ተስፋፍቷል። ጥንካሬው መምህሩን ከክፍሉ ሥራ አለማውጣቱ ላይ ነው።

በቴሌቪዥን በኩል በሰፊው የሚታወቀው በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው፣ በተለምዶ «ፕላዝማ» የተባለው የሳተላይት ትምህርት ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ሆኖ ለሁሉም ትምህርት ቤት በአንድ ሰዓት ይተላለፍ ነበር። ተማሪው ባይገባውም ሥርጭቱ አይቆምም፤ መምህሩ ማስቆምም ሆነ መመለስ አይችልም፤ መብራት ከጠፋ የዕለቱ ትምህርት ያመልጣል። መምህሩ ትምህርቱን ከማስተዋወቅና ከማጠቃለል ያለፈ ጊዜ አልነበረውም። ፕሮግራሙ ለሁለተኛ ደረጃ የታሰበ ቢሆንም መምህሩን ወደ ጎን የሚያደርግ መሣሪያ ምን ችግር እንደሚያስከትል ለታችኛው ደረጃም ትምህርት ሰጥቷል።

ለትንንሽ ሕፃናት በአማርኛ ከተዘጋጁት መካከል ስመ ጥር የሆነው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የአሻንጉሊት ፕሮግራም ነው። የአንደኛ ደረጃ መምህርት በነበረችው በብሩክታዊት ጥጋቡና በባለቤቷ በሼን ኤትዘንሃውዘር የተመሠረተው ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ ያዘጋጀው ይህ ፕሮግራም በ1999 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መተላለፍ ጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ2008ም በዓለም አቀፍ የትምህርት ፕሮግራሞች ውድድር የጃፓን ሽልማትን አግኝቷል። ፀሐይ የተባለችው ቀጭኔ በአገር ቋንቋ፣ በአገር ልጅ ጠባይ መናገሯ ሕፃናቱ ሳይከብዳቸው እንዲከታተሉ አድርጓል።

### የኤክስኦ ላፕቶፕ

እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካዊው ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የተመሠረተው «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ሕፃን» የተሰኘው ድርጅት፣ ርካሽና ጠንካራ የሆነውን ኤክስኦ የተባለ አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፕ ለታዳጊ አገሮች ሕፃናት ማዳረስን ዓላማው አድርጎ ተነሣ። በኢትዮጵያ ከ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2008) ጀምሮ 5,000 ያህል ኤክስኦዎች በአዲስ አበባና በገጠር ለሚገኙ ጥቂት ትምህርት ቤቶች ተሰጥተዋል። ሥራው የተካሄደው በኢትዮጵያና በጀርመን ትብብር በሚመራው የምህንድስና አቅም ግንባታ ፕሮግራም አማካይነት ነው።

የሙከራው ውጤት የተደባለቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ላፕቶፑን የተጠቀሙ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት በረቂቅ አስተሳሰብ ፈተና ካልተጠቀሙት የተሻለ ውጤት እንዳመጡ አመልክቷል። በሌላ በኩል መምህራኑ በመሣሪያው እንዴት እንደሚያስተምሩ በቂ ሥልጠና አላገኙም፤ ከመማሪያ መጻሕፍቱ ጋር የሚሄድ ይዘትም አነስተኛ ነበር። ሕፃናቱ በክፍለ ጊዜው ፎቶ ማንሳትና መጫወት ሲጀምሩ፣ ላፕቶፑ በትምህርት ሰዓት እንዳይከፈት የከለከሉ መምህራን ነበሩ። ለክፍል ተብሎ የመጣው መሣሪያ በዚህ ሁኔታ የቤት መጫወቻ ሆነ።

### የወንጪና የወለንጪቲ ታብሌቶች

ይኸው ድርጅት በ2004 ዓ.ም. ገደማ ትምህርት ቤት በሌለባቸው ሁለት የኦሮሚያ መንደሮች ሌላ ሙከራ አካሄደ። አንደኛው በወንጪ እሳተ ገሞራ ሐይቅ አፋፍ፣ ሁለተኛው በስምጥ ሸለቆ በወለንጪቲ አካባቢ ነው። በእያንዳንዱ መንደር 20 ያህል፣ በአጠቃላይ 40 ገደማ ታብሌቶች በፀሐይ ኃይል መሙያ ታግዘው ያለ መምህርና ያለ መመሪያ ለሕፃናት ተሰጡ። በየሳምንቱ ሚሞሪ ካርዱ እየተቀየረ የሕፃናቱ አጠቃቀም ይጠና ነበር።

ኔግሮፖንቴ እ.ኤ.አ. በ2012 እንደተናገረው ሕፃናቱ በደቂቃዎች ውስጥ መሣሪያውን ከፍተዋል፤ በ2 ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደላትን መዝሙር ይዘምሩ ነበር፤ በ5 ወር ውስጥ ደግሞ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ አስከፍተው ይሠሩበት ጀመር። ዜናው በዓለም ዙሪያ ተናኘ። ሆኖም ሕፃን መሣሪያን ቶሎ ይለምዳል ማለት ማንበብና መጻፍን በዚያው ፍጥነት ይማራል ማለት እንዳልሆነ ብዙ የትምህርት ባለሙያዎች ያስገነዝባሉ። የካሜራው ታሪክ ሌላም ነገር ያሳያል፤ አዋቂ የዘጋውን ነገር ሕፃን ሊከፍት ስለሚችል ደኅንነትን በመቆለፊያ ብቻ ማስጠበቅ አይቻልም።

### የኮቪድ-19 ወቅት

የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕመምተኛ በኢትዮጵያ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገኘ ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎችም ከትምህርት ገበታቸው ተለዩ። ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ትምህርት በራዲዮ፣ ለከፍተኛ ክፍሎች ደግሞ በቴሌቪዥን ሲሰጥ፣ በከተማ ያሉ በርካታ የግል ትምህርት ቤቶች የቤት ሥራና ማስታወሻ በቴሌግራም ይልኩ ነበር። ኢንተርኔት፣ ቴሌቪዥን ወይም ራዲዮ ያለው ቤተሰብ ልጅ በመጠኑም ቢሆን ትምህርቱን ሲቀጥል፣ ምንም የሌለው ልጅ ወራቱን ያለ ትምህርት አሳልፏል። ትምህርት ቤቶች በ2013 ዓ.ም. በየደረጃው ሲከፈቱ የወላጅ ስልክ ግን የትምህርት መሣሪያ ሆኖ ቀርቷል፤ ከዚህም ጋር አዲስ የደኅንነት ጥያቄ መጥቷል።

## ውጤታማ አጠቃቀም

ቴክኖሎጂ በክፍል ውስጥ እንዲጠቅም የሚያደርጉ ሁኔታዎች በአብዛኛው ከመሣሪያው ውጭ ያሉ ናቸው።

ዓላማ። መምህሩ መሣሪያውን ከመክፈቱ በፊት ተማሪው በክፍለ ጊዜው መጨረሻ ምን ማድረግ እንደሚችል መወሰን አለበት። በጥቁር ሰሌዳና በጠመኔ በተሻለ የሚሠራውን ነገር ወደ ፕሮጀክተር ማዛወር ጊዜ ማባከን ነው። ቴክኖሎጂው ተመራጭ የሚሆነው በሌላ መንገድ የማይታየውን ሲያሳይ ነው፤ ለምሳሌ የልብን አመታት፣ የፕላኔቶችን ዑደት፣ የአንድን ቃል ትክክለኛ አነጋገር።

በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፣ በየካ ክፍለ ከተማ ከኮተቤ አልፎ የሚገኘውን የካራን ሰፈር እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። በዚያ የሚገኝ የ5ኛ ወይም የ6ኛ ክፍል መምህር የእንጦጦን ተራሮች የሳተላይት ምስል በአንድ ላፕቶፕና በአንድ ፕሮጀክተር ሊያሳይ ይችላል። ተማሪዎቹ ባሕር ዛፉን፣ ሜዳውን፣ ቤቱንና መንገዱን በምስሉ ላይ ይለያሉ። ከዚያ ወደ ግቢው ወጥተው በዓይናቸው ከሚያዩት ጋር ያስተያያሉ፤ ተመልሰውም በደብተራቸው ካርታ ይሥላሉ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ምስል ትልክለት የነበረው ጣቢያ በዚያው በእንጦጦ መሆኑ ትምህርቱን ይበልጥ ያቀርበዋል። በዚህ ትምህርት ፕሮጀክተሩ የሚሠራው ለ10 ደቂቃ ያህል ነው፤ ቀሪው ጊዜ የተማሪው ነው።

መምህር። የሠለጠነ መምህር በአንድ መሣሪያ 50 ተማሪ ሊያሳትፍ ይችላል፤ ያልሠለጠነ መምህር ግን 50 መሣሪያ ቢሰጠው ክፍሉን ማስተዳደር ይቸግረዋል። ስለዚህ ሥልጠናው ስለ ቁልፎቹ ብቻ ሳይሆን ስለ ማስተማር ዘዴው መሆን ይኖርበታል። ከካራ በቅርብ ርቀት የሚገኘውና ለረጅም ዘመን መምህራንን ሲያሠለጥን የኖረው፣ ዛሬ ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ተቋም ዓይነት የመምህራን ማሠልጠኛዎች ድርሻ እዚህ ላይ ነው።

ቋንቋ። የታችኛው ክፍል ተማሪ የሚማረው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው፤ በኢንተርኔት ያለው የሕፃናት ትምህርት ግን በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3ኛው የዩኒኮድ ዕትም ውስጥ ከገባ ወዲህ በአማርኛ፣ በትግርኛና በሌሎችም ቋንቋዎች በኮምፒዩተርና በስልክ መጻፍ ተችሏል። የሚጎድለው የሕፃናት ንባብ፣ ድምፅና ምስል ነው። መምህራን ራሳቸው በስልካቸው የሚቀርጹት አጭር ታሪክ ወይም የፊደል ትምህርት ከውጭ ከመጣ ውድ መተግበሪያ የተሻለ ሊያገለግል ይችላል።

መብራትና ኔትወርክ። አብዛኞቹ የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የኤሌክትሪክ መስመር የላቸውም፤ በከተማም መብራት ይቆራረጣል። ስለዚህ ትምህርቱን አስቀድሞ በፍላሽ ወይም በሚሞሪ ካርድ ማውረድ፣ ባትሪውን ከሌሊቱ መሙላትና መብራት ቢጠፋ በምን እንደሚቀጥል ማዘጋጀት የትምህርቱ ዕቅድ አካል ነው። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ይዘት ሌላም ጥቅም አለው፤ ተማሪው ወደማይፈለግ ገጽ የሚወጣበት በር አይኖርም።

መጋራት። መሣሪያ ሲያንስ ሁለት ወይም ሦስት ተማሪዎች በአንዱ ላይ መሥራታቸው እንደ ጉድለት ብቻ አይታይም። ተነጋግረው ሲሠሩ ሐሳባቸውን መግለጽ ይለምዳሉ። ይሁን እንጂ ተራ ካልተወሰነ ደፋሩ ልጅ ብቻ ይነካል፤ ዓይን አፋሩ፣ ብዙ ጊዜም ቤቷ ስልክ የማትነካ ልጃገረድ፣ ተመልካች ሆና ትቀራለች።

## ደኅንነት

የሕፃናት ደኅንነት ከትምህርቱ ተለይቶ የሚታይ ጉዳይ አይደለም። የፈራ ወይም የተሸማቀቀ ልጅ አይማርም፤ ልጁ የተጎዳበት ወላጅም መሣሪያውን ዳግም አያስነካውም።

አካላዊ ደኅንነት። የተላጠ ሽቦ፣ በአንድ ማከፋፈያ ላይ የተደራረበ ሶኬትና መሬት ላይ የተዘረጋ ገመድ በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ቀዳሚ አደጋዎች ናቸው። ያበጠ ወይም ከልክ በላይ የሚሞቅ ባትሪ ወዲያውኑ ከአገልግሎት መውጣት አለበት፤ ሊቀጣጠል ይችላልና። ለዓይን ሲባል በየ20 ደቂቃው ራቅ ወዳለ ነገር ማየት ይመከራል፤ ከቤት ውጭ በቀን ብርሃን መጫወትም የቅርብ ብቻ የማየት ችግርን ለመከላከል ይረዳል።

የግል መረጃ። ተማሪ ከሁሉ በፊት ሊያውቀው የሚገባው ሙሉ ስሙን፣ የቤቱን አድራሻ፣ የትምህርት ቤቱን ስም፣ የወላጁን ስልክና የይለፍ ቃሉን ለማያውቀው ሰው አለመስጠትን ነው። በኢትዮጵያ ሕፃናት በአብዛኛው የሚጠቀሙት በወላጅ ስልክ መሆኑ ለዚህ የተለየ ክብደት ይሰጠዋል። በዚያው ስልክ ላይ ቴሌብር ወይም የባንክ መተግበሪያ ይኖራል። «ሽልማት ደርሶሃል፣ የሚስጥር ቁጥርህን ላክ» የሚል መልእክት የደረሰው ልጅ የቤተሰቡን ገንዘብ በቅን ልቡና አሳልፎ ሊሰጥ ይችላል።

የመረጃ ጥበቃ የትምህርት ቤቱም ግዴታ ነው። የተማሪዎችን ስም፣ ውጤትና የወላጅ ስልክ የያዘ ዝርዝር መቶ ሰው ባለበት የቴሌግራም ቡድን ውስጥ መለጠፍ፣ ወይም የሕፃናትን ፎቶ ወላጅ ሳይፈቅድ በማኅበራዊ ሚዲያ ማውጣት የተለመደ ቢሆንም ተገቢ አይደለም። ውጤት ለእያንዳንዱ ወላጅ ለብቻው ሊደርስ ይገባል።

ማሸማቀቅና ጥቃት። በግቢ ውስጥ የሚደርስ ስድብ ሲደወል ያበቃል፤ በስልክ የሚደርሰው ግን ልጁን እስከ ቤቱ ይከተለዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 በዩኒሴፍ፣ በኢንተርፖልና በኤክፓት የወጣው ስለ ኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 17 ከሆኑት ሕፃናት መካከል ኢንተርኔት የሚጠቀሙት ሩብ ያህሉ መሆናቸውን ገልጿል። በኢንተርኔት የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃት ብዙ ጊዜ ልጁ ከሚያውቀው ሰው እንደሚመጣና ሕፃናቱ ለማንም እንደማይናገሩም አሳይቷል። ስለዚህ «ከማታውቀው ሰው ተጠንቀቅ» የሚለው ምክር ብቻውን አይበቃም። ልጁ አንድ ነገር ቢያስፈራው ወይም ቢያሳፍረው ሳይቀጣ የሚነግረው አዋቂ በትምህርት ቤቱ ሊኖር ይገባል። የነገረውን ልጅ ስልክ መቀማት ሌሎቹን ዝም ያሰኛል።

ለታችኛው ክፍል ተማሪ ይህን ሁሉ በአራት ቃል ማስያዝ ይቻላል፦ ተው፣ ዝጋ፣ አትመልስ፣ ተናገር። ያስደነገጠውን ነገር ይተዋል፤ መስኮቱን ይዘጋል፤ ለመልእክቱ መልስ አይሰጥም፤ ለመምህሩ ወይም ለወላጁ ይናገራል። አዋቂው ግን መልእክቱን ከማጥፋቱ በፊት ለማስረጃ ማስቀመጥ አለበት።

## ሕግ

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት በሚወሰዱ እርምጃዎች የሕፃናት ደኅንነት በቀደምትነት መታሰብ እንዳለበት ይደነግጋል። አገሪቱ የሕፃናት መብቶች ስምምነትን የተቀበለችው በ1983 ዓ.ም. ሲሆን፣ የስምምነቱ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2021 መብቶቹ በዲጂታሉ ዓለምም እንደሚሠሩ የሚያብራራ ሰነድ አውጥቷል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ለአካለ መጠን ባልደረሱ ልጆች ላይ በኮምፒዩተር አማካይነት የሚፈጸሙ ጸያፍ ድርጊቶችን በወንጀል ያስቀጣል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን መረጃ የሚሰበስቡ ተቋማት ላይ ግዴታ ይጥላል።

## በሌሎች አገሮች

ኡራጓይ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ለመንግሥት አንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በሙሉ ላፕቶፕ ያዳረሰች አገር ናት። በፔሩ በ319 የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት ግን ላፕቶፕ ማደል በሒሳብና በቋንቋ ውጤት ላይ ለውጥ እንዳላመጣ አረጋግጧል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዓመታዊ ሪፖርት ቴክኖሎጂ በክፍል ውስጥ መግባት ያለበት ለመማር ሲጠቅም ብቻ እንደሆነና የመምህርን ቦታ መተካት እንደሌለበት አሳስቧል። በዚያን ጊዜ ከአራት አገሮች ከአንድ ያነሱት በትምህርት ቤት ስማርት ስልክን በሕግ ወይም በፖሊሲ ከልክለው ነበር።

በኢትዮጵያም ክርክሩ አላበቃም። አንዳንዶች መጽሐፍና ወንበር ባልተሟላበት ትምህርት ቤት ለመሣሪያ ገንዘብ ማውጣት ቅደም ተከተል ማዛባት ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ መዘግየቱ በከተማና በገጠር፣ በግልና በመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች መካከል ያለውን ልዩነት ያሰፋል ሲሉ ይከራከራሉ። ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት ነጥብ ግን ከራዲዮው እስከ ታብሌቱ ያለው ታሪክ ያሳየው ነው፦ መሣሪያ ከመግዛት በፊት መምህሩን ማዘጋጀት፣ ለልጁም የሚጠብቀውን ሰው መመደብ ይቀድማል።